በሰባተኛው ጉድጓድ ላይ የተኛው ውሃ

(ሮማ ዳርቻ ያለ የጎልፍ ሜዳ። ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የወረደው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ አካፋና አንድ የጎማ መጥረጊያ ይዘው ኩሬ ዳር ቆመዋል። ክፍሎም ከረን ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ሮማ ሲኖር ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እዚህ ሜዳ ላይ ግን ሁለት ወር እንኳን አልሞላውም። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ለማንም አይናገርም። አሸብር ከጎጃም መጥቶ በስደተኞች ማረፊያ የሚኖር የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ የሙከራ ሳምንቱ ዛሬ ያልቃል። ክርክሩን የጀመሩት አውቶቡስ ላይ ነው፤ አሁንም አልጨረሱም።)

አሸብር፦ ከብት ካልጠጣበት ታዲያ ኩሬውን ለምን ቆፈሩት?

ክፍሎም፦ ነገርኩህ እኮ። ለኳሱ ነው።

አሸብር፦ ኳሱ ይጠጣል?

ክፍሎም፦ አይጠጣም። ይገባበታል።

አሸብር፦ ኳሱ መግባት ያለበት ባንዲራ የተተከለበት ጉድጓድ ውስጥ ነው ብለውኝ አልነበር?

ክፍሎም፦ እሱማ ነው። ኩሬው ውስጥ እንዳይገባ ነው የሚፈለገው።

አሸብር፦ እንዳይገባ ከፈለጉ ባይቆፍሩትስ?

ክፍሎም፦ አሎራ፣ እንግዲህ ስማኝ። ካልተቆፈረ መጠንቀቅ የለም። መጠንቀቅ ከሌለ ጨዋታ የለም። ገባህ?

አሸብር፦ ገባኝ። እኛ ቀበሌም መንገዱ መሃል ትልቅ ጉድጓድ ነበር። ለጨዋታ መሆኑን ግን ማንም አልነገረንም።

ክፍሎም፦ ተወው። ስለ ጎልፍ ከእኔ ጋር አትከራከር።

አሸብር፦ አልተከራከርኩም፤ ልማር ብዬ ነው። ለጤና ነው የሚጫወቱት አሉኝ።

ክፍሎም፦ ለጤና ነው። ረጅም መንገድ ይሄዳሉ።

አሸብር፦ መኪና ላይ ተቀምጠው አየኋቸው እኮ።

ክፍሎም፦ ረጅም ነው አልኩህ አይደል? በእግር ማን ይችለዋል?

(ሰባተኛው ጉድጓድ ጋ ይደርሳሉ። ሣሩ በጢም መላጫ የተላጨ ይመስላል፤ ነገር ግን ከባንዲራው ዙሪያ ጀምሮ ውሃ ተኝቶበታል። ሁለት ዳክዬዎች ቤቱን የተከራዩት ይመስል በዝግታ ወዲያና ወዲህ ይላሉ።)

አሸብር፦ ይሄኛው ኩሬ ከፊተኛው ያምራል።

ክፍሎም፦ ይሄ ኩሬ አይደለም። ይሄ ግሪን ነው። የሜዳው ልብ በለው። ኳሷ ወደ ጉድጓዱ የምትንከባለለው እዚህ ላይ ነው።

አሸብር፦ ዛሬ እንኳ ዋና ካልቻለች የምትደርስ አይመስለኝም።

ክፍሎም፦ ለዚህ ነው እኔና አንተ የመጣነው። ሲኞራ ዶናቴላ ትናንት ምን አለች? «የቅዳሜው ውድድር ሳይጀመር ሰባተኛው ደርቆ ካገኘሁት ለአሸብር ኮንትራቶ እፈርማለሁ።» የሜዳው ኃላፊ እሷ ናት፤ ካለች አለች። ያለን አንድ ሰዓት ነው።

አሸብር፦ ሰኞ ለመኖሪያ ፈቃዴ ኩዌስቱራ፣ ፖሊስ ጋ፣ ቀጠሮ አለኝ። የማረፊያችን ጠበቃ ኮንትራቶ ካልያዝክ ፔርሜሶህን ለማሳደስ ይከብደናል ብላኛለች።

ክፍሎም፦ አትጨነቅ። ከእኔ ጋር መመደብህ ዕድል ነው። ኦስቲያ ላይ ስድስት በጋ የሠራሁ ሰው ነኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ባሕሩ ዳር ጃንጥላዎቹ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ማን ነበር የሚያፈሰው?

አሸብር፦ ማን ነበር?

ክፍሎም፦ እኔ ነኛ።

አሸብር፦ ወዴት ነበር የሚያፈሱት?

ክፍሎም፦ ወደ ባሕሩ።

አሸብር፦ ባሕሩ ሩቅ ነበር?

ክፍሎም፦ አጠገቤ።

አሸብር፦ እዚህስ የት ነው?

ክፍሎም፦ (ዙሪያውን አይቶ) እዚህ ባሕር የለም። አሸዋ ግን አለ። ያውልህ፣ ከግሪኑ ሥር ያለው የአሸዋ ጉድጓድ። አሸዋ ውሃ ይጠጣል። ከዚህ እስከዚያ አንድ ቦይ እንቆፍራለን፤ ወርዱ የአካፋ ያህል፣ ጥልቀቱ ክንድ። ውሃው ይሄዳል፣ አሸዋው ይጠጣዋል፣ አንተ ትፈርማለህ። እንካ አካፋ።

(አሸብር ሁለት እጁን ወደ ኋላው ያደርጋል።)

ክፍሎም፦ እንካ እንጂ።

አሸብር፦ ዛሬ አልችልም፣ ጋሽ ክፍሎም።

ክፍሎም፦ አመመህ?

አሸብር፦ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው።

ክፍሎም፦ እሺ፣ እንኳን አደረሰህ። እንካ አካፋ።

አሸብር፦ እንኳን አብሮ አደረሰን። በሚካኤል መሬት አይቆፈርም።

(ክፍሎም አካፋውን መሬት ላይ ያስደግፍና አሸብርን ከእግሩ እስከ ራሱ ያየዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብዙ ሰበብ ሰምቷል፤ የባቡር፣ የጥርስ፣ የአክስት ሞት። እንዲህ ያለውን ግን ከልጅነቱ ወዲህ አልሰማም።)

ክፍሎም፦ ይሄ የአንተ አገር መሬት አይደለም። የጣሊያን መሬት ነው።

አሸብር፦ ሚካኤል ግን ያው ነው።

ክፍሎም፦ እኔ ካቶሊክ ነኝ። የእኛ ሚካኤል ሴተምብሬ ላይ አለፈ።

አሸብር፦ ታዲያ ሴተምብሬ ላይ ቆፍረው ነበር?

ክፍሎም፦ አልቆፈርኩም።

አሸብር፦ አዩ? እርስዎም አክብረዋል።

ክፍሎም፦ አላከበርኩም። ሥራ አልነበረኝም።

አሸብር፦ እዚህ ሜዳ ላይ ስንት ዓመትዎ ነው ታዲያ?

ክፍሎም፦ ወሬ አትቀይር። አሎራ፣ እንደ ሰው እንነጋገር። ነገ ይቆፈራል?

አሸብር፦ ነገ እሑድ ነው።

ክፍሎም፦ ሰኞስ?

አሸብር፦ ሰኞ አቡነ አረጋዊ ናቸው።

ክፍሎም፦ ማክሰኞ?

አሸብር፦ ቂርቆስ። እሱን እንኳ እኛ እንቆፍርበታለን። ማዶ ያሉት ግን አይነኩም፤ ታቦቱ እነሱ ጋ ነው።

ክፍሎም፦ ለመሆኑ አንተ አገር እህል የሚበቅለው መቼ ነው?

አሸብር፦ ክረምት ላይ።

ክፍሎም፦ እኔ እኮ... ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ኮንትራቶው ይቅርብኝ ማለትህ ነው?

አሸብር፦ (ድምፁ ዝቅ ይላል) እንዴት ይቅርብኝ እላለሁ፣ ጋሼ? ሰባት ወር የጠበቅኩት ነው። ሌሊት ተነሥቼ ለሚካኤል ነግሬዋለሁ።

ክፍሎም፦ ምን ብለህ?

አሸብር፦ ያለ አካፋ አድርግልኝ ብዬ።

ክፍሎም፦ ምን አለህ?

አሸብር፦ እየጠበቅሁ ነው።

ክፍሎም፦ ሲኞራ ናት ቀድማ የምትደርሰው።

አሸብር፦ ከመቆፈር በቀር ያዘዙኝን ሁሉ እሠራለሁ። መጥረግ እችላለሁ። መሸከም እችላለሁ። ዳክዬዎቹንም ቢሆን አነጋግራቸዋለሁ።

ክፍሎም፦ (የጎማ መጥረጊያውን ወደ እሱ እየወረወረ) ያዝ። ጥረግ። ይህን ሁሉ ውሃ በጎማ ገፍተህ ጨርሰው። እኔ ለአንተ ብዬ እቆፍራለሁ። እንጀራህን በእኔ ወገብ እንደምትበላ ግን አትርሳ።

(ክፍሎም እጅጌውን ይሰበስብና አካፋውን በሣሩ ላይ ያሳርፋል። ሣሩ እንደ ዳቦ ልስልስ ብሎ ይቆረጣል። ማታ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካፌ ሲገባ ወሬውን ከየት እንደሚጀምር ከአሁኑ እያሰበ ነው። አሸብር ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ ውሃውን ወደ ጠርዙ ይገፋል።)

አሸብር፦ እግዚአብሔር ያበርታዎ፣ ጋሽ ክፍሎም።

ክፍሎም፦ እህ።

አሸብር፦ በሌላ ቀን ቢሆን አላስነካዎትም ነበር።

ክፍሎም፦ ዝም ብለህ ጥረግ።

አሸብር፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ይህን ሣር ሰዎቹ ጫማ ቀይረው ነው የሚረግጡት። ባንዲራውን እንኳ ሲነቅሉ በቀስታ ነው። መቁረጥ ይፈቀዳል?

ክፍሎም፦ ኤመርጄንሳ ነው። በኤመርጄንሳ ሁሉም ይፈቀዳል።

አሸብር፦ ሲኞራን በስልክ ብንጠይቃቸውስ?

ክፍሎም፦ ከጠየቅኋት እኮ አላውቅም ማለት ነው።

አሸብር፦ እውነትዎን ነው። እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር።

ክፍሎም፦ አንተ ጠይቅ። እኔ እሠራለሁ።

(ቦዩ አሸዋው ጋ ይደርሳል። ውሃው ቡናማ ሆኖ በቦዩ ይወርዳል። ክፍሎም ቀና ብሎ ወገቡን ይይዛል፤ ፊቱ ላይ ጭቃና ኩራት አለ።)

ክፍሎም፦ እይ። ዝም ብለህ እይ። አሸዋው ሲጠጣ።

አሸብር፦ እያየሁ ነው።

ክፍሎም፦ ጠጣ?

አሸብር፦ ጠጣ። (ትንሽ ቆይቶ) ጋሽ ክፍሎም፣ ጠግቧል መሰለኝ። እየመለሰው ነው።

(እውነትም የአሸዋው ጉድጓድ አፉ ድረስ ሞልቷል። ዳክዬዎቹ ተነሥተው ወደ አዲሱ ቤታቸው ይዛወራሉ። ግሪኑ ላይ ያለው ውሃ ሁለት ጣት ያህል ጎድሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ንቅንቅ አላለም።)

ክፍሎም፦ ጥልቀት ይጎድለዋል። ሌላ ቦይ ይጨመርበታል።

አሸብር፦ ጋሽ ክፍሎም፣ ባለፈው ረቡዕም ኃይለኛ ዝናብ ነበር አይደል?

ክፍሎም፦ ነበር።

አሸብር፦ ያን ቀን ሰባተኛው ላይ ውሃ አልተኛም።

ክፍሎም፦ አልተኛም። እና?

አሸብር፦ እንግዲያውስ ያ ውሃ የሚሄድበት ነበረው። እኛ ማሳ ላይም ፈሰሱ ሲደፈን እንዲህ ነው የሚያደርገው። አዲስ ከመቅደድ በፊት አሮጌውን መፈለግ ነው።

ክፍሎም፦ ይሄ ማሳ አይደለም። ሣር ነው። ሣር ፈሰስ የለውም።

አሸብር፦ እስቲ ወደ ታች ወርጄ ልየው። ማየት መቆፈር አይደለም።

(አሸብር መጥረጊያውን አስቀምጦ ከግሪኑ በስተጀርባ ወዳሉት ጥዶች ይወርዳል። ክፍሎም ሁለተኛውን ቦይ ይጀምራል። ከጥዶቹ ሥር ድምፅ ብቻ ይሰማል።)

አሸብር፦ እዚህ ቧንቧ አለ።

ክፍሎም፦ የማታውቀውን ዕቃ አትንካ።

አሸብር፦ ከግሪኑ ሥር ነው የሚመጣው። አፉ በጥድ ቅጠል ተወትፏል።

ክፍሎም፦ ተወው አልኩህ።

አሸብር፦ በእጄ ሳብ ባደርገው መቆፈር ይሆንብኛል?

ክፍሎም፦ እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ቄስ ጠይቅ።

አሸብር፦ (ትንሽ አስቦ) ጥርስ እንደ መጎርጎር ነው። በሚካኤል ጥርስ ይጎረጎራል።

ክፍሎም፦ ጎርጉር፣ ጎርጉር። እኔ እዚህ ወገቤን ልሰበር።

አሸብር፦ ኳስ ወጣ።

ክፍሎም፦ የጠፋ ኳስ ነው።

አሸብር፦ ሌላም ወጣ። ይሄም ኳስ ነው። ኧረ ይሄ ቧንቧ ከአንድ ዓመት ወዲህ ሲውጥ የከረመ ነው። ቆይ፣ አንድ እጅ ሙሉ ቅጠል...

(ከመሬት ሥር ረጅም ግሳት የሚመስል ድምፅ ይመጣል። ባንዲራው ዙሪያ ያለው ውሃ አንዴ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀስ እያለ፣ በየሣሩ ሥር እየሰረገ፣ ማነስ ይጀምራል። ክፍሎም አካፋውን እንደያዘ ደርቆ ይቀራል። ቀጥሎ ቦዩን ያያል፤ ፊቱ በርቶ ይስቃል።)

ክፍሎም፦ ና። ና ቶሎ እይ። አልኩህ አይደል? ቦዬ ሠራ።

አሸብር፦ (እስከ ብብቱ ርሶ፣ ኪሱ በኳስ ተወጥሮ ይመጣል) ተመስገን። ሄደ።

ክፍሎም፦ ሁለተኛውን ስጨምርበት ነው የፈራው።

አሸብር፦ ቦይዎ ውስጥ ያለው ግን ቆሟል፣ ጋሽ ክፍሎም።

ክፍሎም፦ እየተዘጋጀ ነው።

አሸብር፦ አሸዋውም እንደሞላ ነው።

ክፍሎም፦ ከተወለድክ ጀምሮ እንዲህ ነህ? ጥረግ በቃ።

(አሸብር የቀረውን ውሃ በጎማው እየገፋ ያወጣል። ሣሩ ገና ማብረቅረቅ ሲጀምር ሲኞራ ዶናቴላ በትንሿ የሜዳ መኪና ትደርሳለች። አሸብር ከጣሊያንኛ ያለው ሰላምታው «ቡዎንጆርኖ» እና ምስጋናው «ግራትሲዬ» ብቻ ነው፤ እሷም አማርኛ አታውቅም። ስለዚህ የሁለቱ ቃል ሁሉ በክፍሎም አፍ ማለፍ አለበት። ሲኞራ ግሪኑን አይታ ፈገግ ትላለች። ከዚያ ቦዩን ታያለች። መነጽሯን ታወልቃለች። «ይህን ሣር እዚህ ለማድረስ ስድስት ዓመት ፈጅቶብናል። አካፋ ያስገባበት ማነው?» ትላለች።)

አሸብር፦ ምን አሉ?

ክፍሎም፦ ሣሩ ስድስት ዓመቱ ነው አለች።

አሸብር፦ ዕድሜውን ለምን ነገሩን?

ክፍሎም፦ ልደቱ ይሆናል።

(ሲኞራ «ማነው?» ስትል ትደግማለች። ክፍሎም፣ በኋላ ሲያስበው ያፈረበትን ነገር ያደርጋል፤ አገጩን ቀስ ብሎ ወደ አሸብር ያዘነብላል። ሲኞራ አሸብርን ታያለች፤ ባዶ እግሩ እንደታጠበ ሰሃን ንጹሕ ነው፣ እጁ ላይ የጎማ መጥረጊያ አለ። ከዚያ ክፍሎምን ታያለች፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ክፍሎም አካፋውን ከጀርባው ለመደበቅ ይሞክራል። አካፋው ከእሱ ትንሽ ብቻ ነው የሚያንሰው።)

አሸብር፦ አሁንስ ምን አሉ?

ክፍሎም፦ (ጉሮሮውን እየጠረገ) አንተ ለምን አልቆፈርክም ትላለች።

አሸብር፦ ተቆጡ? እውነቱን ይንገሩልኝ። ዛሬ ሚካኤል ስለሆነ መሬቱን አልነካም ብዬ ነው። ስሙንም አይዝለሉብኝ፤ የእኔ ዕውቀት እንዳይመስላቸው።

(ክፍሎም እያረረ ይተረጉማል፤ የመልአኩንም ስም አይዘልም። ሲኞራ ጥቂት ታስብና ትስቃለች። «ሃያ ዓመት ሙሉ ለሠራተኞቼ መሬቱን አትንኩ ብዬ ደከምኩ፤ እኔን ካልሰሙ መልአኩን ይስሙት» ትላለች። አሸብር ኳሶቹን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ ወደ ጥዶቹ ያመለክታል። ሲኞራ ወርዳ ቧንቧውን ታዳምጣለች፤ ስትመለስ ከመኪናዋ ወረቀት ታወጣለች።)

ክፍሎም፦ ይኸውልህ። ኮንትራቶህ። የአንድ ዓመት።

አሸብር፦ (በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ለአፍታ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል) ግራትሲዬ፣ ሲኞራ። ጋሽ ክፍሎም፣ ምን ይላል?

ክፍሎም፦ ከታች በእጇ የጨመረችው አለ። የአሥራ ስምንቱም ግሪን ውሃ በአንተ ኃላፊነት ነው ይላል።

አሸብር፦ በእኔ? እርስዎ እያሉ?

ክፍሎም፦ እኔም እሱኑ ጠየቅኋት።

አሸብር፦ ምን አሉዎት?

ክፍሎም፦ ቦዩን አሳየችኝ።

(አሸብር ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየሣለ ይፈርማል። ሲኞራ መኪናዋን ታስነሣና በመስኮቱ በኩል ለክፍሎም አንድ ነገር ትናገራለች፤ «ከዛሬ ጀምሮ የአሸብር ረዳት አንተ ነህ። ሥራውን እስክታውቅ አካፋ አትያዝ።» ትሄዳለች። ክፍሎም መኪናዋ ከዓይኑ እስክትሰወር ቆሞ ያያታል።)

አሸብር፦ መጨረሻ ላይ ያሉት ምንድን ነው?

ክፍሎም፦ ረዳት ይሰጥሃል አለች።

አሸብር፦ ለእኔ ረዳት? ማንን?

ክፍሎም፦ ስሙን አልያዝኩትም።

አሸብር፦ እርስዎ ያልያዙት ምን ዓይነት ስም ቢሆን ነው?

ክፍሎም፦ በፍጥነት ነው የተናገረችው።

አሸብር፦ ሥራ ይችላል?

ክፍሎም፦ ብዙ ልምድ አለው ይባላል።

አሸብር፦ ማነው የሚለው?

ክፍሎም፦ (ቦዩን እያየ) ራሱ።

(አሸብር ኮንትራቶውን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ያኖረዋል። ጫማውን ያጠልቃል። ከክፍሎም እጅ አካፋውን በቀስታ ይቀበልና በምትኩ የጎማ መጥረጊያውን፣ ለትልቅ ሰው እንደሚገባው በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ያቀብለዋል።)

አሸብር፦ እስኪመጣ ድረስ እርስዎ ይያዙለት።